ከክንፉ በታች ያለው መሬት



ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚበረው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን የሚያርፈው በደለስ ነው። ከዚያ ማረፊያ ጥግ፣ ቻንቲሊ በምትባል የቨርጂኒያ ሰፈር፣ የስሚዝሶኒያን የአየርና የኅዋ ሙዚየም ሁለተኛ ሕንፃ ይገኛል። ዘመድ ለመቀበልና ለመሸኘት ወደ ደለስ የሚመላለሰው የአካባቢው ኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ በአጠገቡ ያልፋል። በሕንፃው ውስጥ፣ ከወለሉ ከፍ ባለ ድጋፍ ላይ፣ ያለ ቀለም በተወለወለ አልሙኒየሙ የሚያብረቀርቅ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ቆሟል። አፍንጫው ላይ «ኤኖላ ጌይ» የሚል ስም ተጽፎበታል፤ የአብራሪው የኮሎኔል ፖል ቲቤትስ እናት ስም ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 6 ቀን 1945፣ በሂሮሺማ ከተማ ላይ የመጀመሪያውን የአቶሚክ ቦምብ የጣለው ይኸው አውሮፕላን ነው። ዛሬ ማንም ሰው ገብቶ፣ ከፍ ባለው መተላለፊያ ላይ ከአብራሪው መስኮት ትይዩ ቆሞ ሊያየው ይችላል። የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በዚህ «በቅርብ ማየት» በምንለው ነገር ላይ ነው። የታደሰ ቦምብ ጣይ በቅርብ ማየት እውነተኛ ዕውቀት ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም የሚሰጠው ዕውቀት ውስጡ ተቀምጦ የበረረው ሰው ዕውቀት ነው። ከሥሩ የነበረው ሰው አውሮፕላኑን በቅርብ አይቶት አያውቅም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን አውሮፕላን አድሶ ለሕዝብ የሚያሳይ ተቋም፣ በብረቱና በመሬቱ መካከል የነበረውን ርቀትና በርቀቱ ማዶ የነበሩትን ሰዎች አብሮ ማሳየት ይገባዋል።

አስቀድሜ ለብረቱ የሚገባውን ልስጥ። ቢ-29፣ የኤኖላ ጌይ ዓይነት አውሮፕላን፣ በዘመኑ ወደር ያልነበረው ማሽን ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 43 ሜትር፣ ርዝመቱ 30 ሜትር ያህል ነው። እያንዳንዱ ሞተር 18 ሲሊንደር ያለውና 2,200 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ነበር። ሠራተኞቹ የሚቀመጡባቸው ክፍሎች የአየር ግፊታቸው ተጠብቆ ስለተሠራ፣ ሰው ያለ ኦክስጂን ጭምብል በማይተነፍስበት ከፍታ ላይ እየበረሩ በሸሚዝ መሥራት ይቻል ነበር። የፊተኛውንና የመካከለኛውን ክፍል የሚያገናኘው፣ ከቦምብ መያዣዎቹ በላይ የሚያልፍ፣ ሰው በደረቱ እየተሳበ የሚሄድበት ጠባብ ቱቦ ነው። የዚህ አውሮፕላን ፕሮግራም ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ሲፈጅ፣ የአቶሚክ ቦምቡ ፕሮጀክት ራሱ የወሰደው 2 ቢሊዮን ያህል ነው፤ ተሸካሚው ከተሸከመው በላይ ወጪ ጠይቋል ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ኤኖላ ጌይ ለስሚዝሶኒያን ቢሰጥም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1953 ጀምሮ ለዓመታት በአንድሩስ የአየር ኃይል ሰፈር ሜዳ ላይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ቆየ። ወፎች ጎጆ ሠሩበት፤ ለመታሰቢያ የሚሆን ቁራጭ የሚፈልጉ ሰዎች ዕቃውን እየፈታቱ ወሰዱት። በኋላም ተበታትኖ ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኝ መጋዘን ተቀመጠ። እድሳቱ የተጀመረው በ1984 መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ወደ 300,000 የሥራ ሰዓት ፈጅቶ፣ ሙሉ አካሉ ተገጣጥሞ ለሕዝብ የቀረበው በዲሴምበር 2003 ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ ከዝገት ጠብቆ መመለስ የትዕግሥትና የሙያ ሥራ ነው። ይህን ሥራ አቃልሎ ማየት አይገባም። አውሮፕላኑ በዚያ ሜዳ ላይ በስብሶ ቢቀር ኖሮ ለማንም የሚጠቅም ነገር አይገኝም ነበር።

የሰውንም ነገር ቢሆን ብረቱ ያስተምራል። የእንግሊዞቹን ቦምብ ጣይ፣ ላንካስተርን፣ ያየ ሰው፣ ሰባት ሰዎች በዚያ ጥበት ውስጥ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት እንዴት ይቀመጡ እንደነበር ይገባዋል። ከፊት ወደ ኋላ ለማለፍ፣ ክንፎቹን የሚሸከመውን ወፍራም አግዳሚ ብረት መሻገር ግድ ነው። አውሮፕላኑ በእሳት ተያይዞ ሲወድቅ፣ በጨለማ፣ ከነወፍራም ልብሳቸው ያንን ብረት ተሻግረው መውጫ ይፈልጉ የነበሩት አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበረ ልጆች ናቸው። የኋላ ተኳሹ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ በጅራቱ ጫፍ፣ በብርድ ብቻውን ነበር። በብሪታንያ የቦምብ ጣይ አዛዥ ክፍል ከበረሩት ወደ 125,000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል 55,573ቱ ሞተዋል። ቁጥሩን መጽሐፍ ይነግረናል፤ ለምን ማምለጥ እንዳቃታቸው ግን የሚያስረዳው የበሩ ስፋትና የአግዳሚው ከፍታ ነው። ለንደን ሄንደን በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ያለው ሃሊፋክስ የተባለ ቦምብ ጣይ ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። በ1942 ቲርፒትስ የተባለውን የጀርመን የጦር መርከብ ሊመታ ሄዶ ተመትቶ፣ በረዶ በሠራ የኖርዌይ ሐይቅ ላይ አረፈ። በረዶው ሲቀልጥ ሰጠመ። በ1973 ከወጣ በኋላ አብዛኛው አካሉ እንደተገኘ ሆኖ፣ እንደተቦጫጨቀና እንደዛገ ነው የሚታየው። እድሳት ምርጫ መሆኑን የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም። አንዱ ሙዚየም ማሽኑን ከመመታቱ በፊት ወደነበረበት ቀን ይመልሰዋል፤ ሌላው የተመታበትን ቀን ይጠብቃል። ሁለቱም ለጎብኚው የሚነግሩት የአውሮፕላኑን ታሪክ ነው።

ከአውሮፕላኑ በታች የነበረው ታሪክ ወደየት ሄደ ብለን እንጠይቅ። ኤኖላ ጌይ ቦምቡን የለቀቀው ከ9,000 ሜትር በላይ ከሚሆን ከፍታ ነው። ቦምቡ ወደ 43 ሰከንድ ያህል ወርዶ፣ ከመሬት 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፈነዳ። አውሮፕላኑ ወዲያው ተጠማዞ ስለሸሸ፣ የፍንዳታው ማዕበል ሲደርስበት 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነበር። ከፍታው፣ ፍጥነቱ፣ ጠመዝማዛው በረራ ሁሉ የተሰላው ጣዩ በተጣለበት ቦታ ላይ እንዳይገኝ ነው። የዚህ መሣሪያ ዋና ጥበብ ርቀት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በመሬቱ በኩል ደግሞ፣ የዚያን ጠዋት የአደጋ ደወል ተሰምቶ፣ ቀጥሎ አደጋው ማለፉ ተነግሮ፣ ሰው ወደ ሥራው ተሰማርቶ ነበር። ሦስት አውሮፕላን ብቻ መምጣቱ የሚያስፈራ አልነበረም። ከቤት ቀና ያለ ሰው ቢያይ ከሩቅ የምታንጸባርቅ ነጥብ ነው። ማነጣጠሪያው አንድ ድልድይ ሲሆን፣ ቦምቡ የፈነዳው በአንድ ሆስፒታል አናት ላይ ነው። የሂሮሺማ ከተማ ግምት እንደሚለው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የሞቱት 140,000 ያህል ደርሰዋል። ርቀቱ ሲጠብ ምን እንደሚሆንም እዚያው ጦርነት ውስጥ ታይቷል። በማርች 1945 ወደ 280 የሚጠጉ ቢ-29 አውሮፕላኖች በቶኪዮ ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ ሲያዘንቡ የበረሩት ከ3,000 ሜትር በታች ነበር። የሞቱት በግምት 100,000 ይሆናሉ። ከበረሩት አንዳንዶቹ የሚቃጠል የሰው ሥጋ ሽታ አውሮፕላኑ ውስጥ ድረስ እንደገባና እንደበጠበጣቸው ተናግረዋል። አውሮፕላኑ አንድ ነው፤ አገሩም አንድ ነው፤ የተለየው ከፍታው ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ ሰሚ ሩቅ ወሬ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በጣሊያን አውሮፕላኖች ስትደበደብ፣ አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ያቋቋሙት ሆስፒታል ጭምር ተመትቷል። ከቀጣዩ ወር ጀምሮ በተከዜ በኩል የወረደው የሰናፍጭ ጋዝ ነው። ዋናው መሣሪያ ከ200 ኪሎ የሚበልጥ መርዝ የያዘና ከመሬት 250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንዲፈነዳ የተሠራ ቦምብ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቀርበው የተናገሩት ከመሬት የታየውን ነው፤ አውሮፕላኖች በዘጠኝ፣ በአሥራ አምስት፣ በአሥራ ስምንት እየሆኑ እየተከታተሉ መርዙን ሲረጩት፣ ሰውን፣ ከብቱን፣ ውኃውንና ግጦሹን እንዴት እንዳዳረሰው። በዚያው ጦርነት አብራሪ ሆኖ የዘመተው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 ባሳተመው የበረራ ትዝታው፣ ቦምብ የወደቀበትን የፈረሰኛ ጭፍራ ሲበተን ከላይ አይቶ ከምትፈነዳ ጽጌረዳ ጋር አመሳስሎታል። ብዙ ሰው ይህን የሚጠቅሰው የሰውየውን ጭካኔ ለማሳየት ነው። እኔ ሌላም ነገር አይበታለሁ። ከላይ የሚታየው እውነትም እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከፍታ ጩኸት አይሰማም፣ ፊት አይለይም፤ የሚታየው ቅርጽና ቀለም ነው። ጄኔቭ ላይ የተነገረውና መጽሐፉ ውስጥ የተጻፈው የአንድ ጦርነት ሁለት ገጽ ናቸው፤ አንደኛው ብቻ ከተያዘ ግን ውሸት ይሆናል። እንዲያውም ሆኗል። የጣሊያን መንግሥት በኢትዮጵያ መርዝ ጋዝ መጠቀሙን በመከላከያ ሚኒስትሩ አማካይነት ያመነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ነው። ስመ ጥሩው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ በዚያ ጦርነት መኮንን ሆኖ ስለዘመተ፣ «በቦታው ነበርኩ፣ ጋዝ አላየሁም» እያለ ለዓመታት ሲከራከር ኖሮ፣ ሰነዱ ሲወጣ መሳሳቱን አምኗል። በቦታው መገኘት እንኳ ከየት ሆኖ እንዳዩ ካልተጠየቀ ማስረጃ አይሆንም። በቅርብ አየሁ የሚል የሙዚየም ጎብኚም ከየት ሆኜ አየሁ ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ስሚዝሶኒያን ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ ሞክሮታል። ጦርነቱ ያበቃበት 50ኛ ዓመት ሲቃረብ የኤኖላ ጌይን የፊት ክፍል ከሂሮሺማ ቅርሶችና ፎቶግራፎች ጋር ለማሳየት አቅዶ ነበር። ከሂሮሺማ ሙዚየም በውሰት ሊመጡ ከታሰቡት ዕቃዎች አንዱ፣ ውስጡ የነበረው ሩዝና አተር ከስሎ የቀረበት የአንዲት ተማሪ ምሳ ዕቃ ነው። የቀድሞ ተዋጊዎች ማኅበራት ተቃወሙ፤ የአሜሪካ ሴኔት በሴፕቴምበር 1994 ዕቅዱን የሚነቅፍ ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አሳለፈ፤ በጃንዋሪ 1995 ዕቅዱ ተሰረዘ፤ በሜይ ወር ዳይሬክተሩ ማርቲን ሃርዊት ሥራቸውን ለቀቁ። በምትኩ የቀረበው በአብዛኛው ስለ አውሮፕላኑና ስለ እድሳቱ ነበር። በ2003 ሙሉው አውሮፕላን ሲከፈትም፣ ከቦምቡ የተረፉ ጃፓናውያን መጥተው የሟቾቹ ቁጥር በመግለጫው ላይ ይጻፍ ሲሉ ጠየቁ። ሙዚየሙ የሰጠው መልስ፣ ሌሎቹ አውሮፕላኖች ሁሉ በቴክኒክ መረጃ ብቻ እንደተገለጹና ኤኖላ ጌይም ከእነሱ እንደማይለይ የሚገልጽ ነበር።

ይህ መልስ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል። ሙዚየሙ የቴክኒክ ሙዚየም ነው፤ የፍርድ አደባባይ አይደለም። ነገር ግን በቴክኒክ ሚዛን ብቻ ብንመዝነው እንኳ መልሱ ይጎድላል። የመንገደኛ አውሮፕላን ሲገለጽ ስንት ሰው ይጭን እንደነበር ይጻፋል፤ የተሠራው ለዚያ ነውና። ቦምብ ጣይ የተሠራው ቦምብ ለመጣል ነው። ክንፉ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ምን ያህል ክብደት ተሸክሞ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ተነግሮ፣ ያ ክብደት ሲወርድ ምን እንዳደረገ አለመነገሩ የቴክኒኩን ገለጻ ራሱን ይቆርጠዋል። ሁሉን እኩል ማየት ከተፈለገም ሌላ መንገድ አለ። ለሁሉም ቦምብ ጣዮች፣ የጃፓንን፣ የጀርመንን፣ የጣሊያንን ሁሉ ጨምሮ፣ የት እንደጣሉና ምን እንዳደረሱ መጻፍ ይቻላል። ለሁሉ ዝም ማለት እኩልነት የሚመስለው ከክንፉ በላይ ላለው ሰው ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ከቀድሞ ተዋጊዎቹ የመጣው ነው፤ እዚህ ላይ ከእነሱ ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ። በ1994 ከተዘጋጁት ረቂቆች በአንዱ፣ ጦርነቱ ለአብዛኛው አሜሪካዊ የበቀል፣ ለአብዛኛው ጃፓናዊ ደግሞ ልዩ ባህሉን ከምዕራባውያን የመከላከል ጦርነት እንደነበር የሚገልጽ አባባል ነበር። ይህ ስሕተት ነው፤ ቀላል ስሕተትም አይደለም። በቻይና ቾንግቺንግን ለዓመታት በቦምብ የደበደበው፣ ናንጂንግን ያረደው የጃፓን ጦር ባህሉን ሲከላከል አልነበረም። ወራሪ «ሥልጣኔ ላመጣላችሁ ነው» ሲለው የሰማ የኛ ሕዝብ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ቦምቡ ጦርነቱን አሳጥሯል ወይስ ጃፓን ያለዚያም ልትገብር ነበር የሚለው ክርክርም በታሪክ ሊቃውንት መካከል አላበቃም። ከዚህ ተነሥተው፣ ሟቾቹን መጥቀስ የማያልቅ ሙግት ይከፍታልና ይቅር የሚሉ አሉ። እኔ ግን የማነሣው ሐሳብ ሙዚየሙ እንዲፈርድ አይጠይቅም። የቦምቡ መጣል ትክክል ነበር የሚል ሰውና ወንጀል ነበር የሚል ሰው፣ ሁለቱም በሂሮሺማ ሰው እንደሞተ ያውቃሉ። ቁጥሩ ላይ ካልተስማሙ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ግምት ጎን ለጎን መጻፍ ይቻላል። ተገቢ ነበር ብሎ የሚያምን ሰው ዋጋውን በቁጥር ቢያይ እምነቱ አይጎዳም፤ ዋጋውን ሳያዩ ተገቢ ነበር ማለት ግን ከየት ይመጣል?

በረራ ላይ የሞቱትን ማዋረድ ይሆናል የሚለውም ስጋት በተግባር የተፈተነ ነው። በለንደን ግሪን ፓርክ በ2012 የተመረቀው የቦምብ ጣይ ሠራዊት መታሰቢያ የቆመው ለእነዚያ 55,573 ሰዎች ነው። ጣሪያው የተሠራው ቤልጂግ ውስጥ ከወደቀ ሃሊፋክስ በተወሰደ አልሙኒየም ጭምር ነው፤ ከሱ የበለጠ ለሠራተኞቹ የቀረበ መታሰቢያ ማሰብ ያስቸግራል። እዚያው መታሰቢያ ላይ ግን ከ1939 እስከ 1945 በነበረው የቦምብ ድብደባ ሕይወታቸውን ያጡ የሁሉም አገር ሰዎች እንደሚታወሱ ተጽፏል። በሂሮሺማም ከሞቱት መካከል ተገድደው የመጡ ኮሪያውያን ይገኙበታል። አሥራ ሁለት አሜሪካውያን በራሪ ምርኮኞችም በዚያች ከተማ ታስረው ሳሉ ሞተዋል። ከክንፉ በታች ያለውን መሬት የሚዘጋ መግለጫ እነዚህን አሥራ ሁለቱንም ይዘጋቸዋል። ለአሜሪካ ወታደር ክብር ተብሎ የአሜሪካ ወታደሮች ሞት ሲሸፈን፣ ክብሩ ለማን እንደቀረ ለማወቅ ያስቸግራል። ጉዳዩ ከልቤ የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ሰሌዳ ይበቃል። ከየት ከፍታ እንደተጣለ፣ ስንት ሰከንድ እንደወረደ፣ በምን አናት ላይ እንደፈነዳ፣ ከነዝቅተኛውና ከነከፍተኛው ግምት ስንት ሰው እንደሞተ፣ እነማን እንደነበሩ፣ ኮሪያውያኑንና አሥራ ሁለቱን ምርኮኞች ጨምሮ። ከዚያው አጠገብ በሕይወት የተረፈ ሰው ከመሬት ሆኖ ያየውን በራሱ ቃል የተናገረበት ቢጨመር፣ የአብራሪዎቹም ቃል ከጎኑ ቢሆን መልካም ነው። ስሚዝሶኒያን በአብዛኛው በመንግሥት በጀት የሚተዳደር የሕዝብ ተቋም ነው፤ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ግብር የሚከፍሉ ኢትዮጵያውያንም ከባለቤቶቹ መካከል ናቸው። ደሴ፣ ተምቤን ወይም ተከዜ ዳር ከላይ የወረደውን ከአያቶቹ አፍ የሰማ ቤተሰብ ያላችሁ፣ ለሙዚየሙ ደብዳቤ መጻፍ ትችላላችሁ። ጥያቄው የጃፓናውያን ብቻ እንዳልሆነ ከእናንተ ቢሰማ ክብደት ይኖረዋል።